በጀቱ አደገ፣ መኪናው ቆመ

በኢትዮጵያ ከተሞች ምክር ቤቶች ውስጥ «ለሕዝብ መጓጓዣ የሚወጣው ገንዘብ ይቀነስ» ብሎ እጁን የሚያወጣ ተመራጭ ማግኘት ይከብዳል። በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ጉባኤው ይጠራል፤ ከዓምናው ከፍ ያለ ቁጥር ይቀርባል፤ ጥቂት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ በጀቱ ይጸድቃል። በማግስቱ ዜናው የሚነግረን ስንት ሚሊዮን ወይም ስንት ቢሊዮን ብር እንደ ጨመረ ነው። ወራት ሲያልፉ ግን አምቡላንስ ነዳጅ አጥቶ በጤና ጣቢያ ግቢ ይቆማል፤ የጠፋ የመንገድ መብራት እንደ ጠፋ ይከርማል፤ የተቦረቦረ ኮብልስቶን ሳይጠገን ክረምት ይገባል። ማንም ቅነሳ ካልወሰነ ይህ ሁሉ ከየት መጣ?

በጀቱ የሚያድገው በብር ሲቆጠር ነው። በሊትር፣ በጎማ፣ በኪሎ ሜትር ሲለካ ያንሳል። ይህ ዓይነቱ ቅነሳ በድምፅ ስለማይወሰን ባለቤት የለውም፤ ባለቤት ስለሌለው ተከራካሪም አያገኝም፤ በየዓመቱም ይደገማል። ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ሌላ መሄጃ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ነገሩ የብዙ ከተሞች ቢሆንም ሐዋሳ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ፈጥና ያደገች፣ ትልቅ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተቀበለች፣ በዳርቻዋም የገጠር ቀበሌዎችን ያቀፈች ከተማ ናትና።

ሐዋሳ ሜዳማ ናት፤ ለእግረኛም ለብስክሌትም ትመቻለች። የዛሬው የዕለት ጉዞዋ ግን በዋናነት የቆመው በባጃጅና በሚኒባስ ላይ ነው። ከአቶቴ ወደ ፒያሳ፣ ከመናኸሪያ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ከዳቶ ወደ መሃል ከተማ የሚመላለሰው ሕዝብ የሚሳፈረው የግለሰብ ንብረት በሆነ ተሽከርካሪ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የከተማው በጀት ከጉዞው ጋር አይገናኝም ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ይገናኛል እንጂ! ባጃጁ የሚሄድበት መንገድ፣ ማታ የሚያበራለት አምፖል፣ ጎርፉን የሚወስድለት ቦይ፣ ተሳፋሪ የሚያወርድበት ፌርማታ፣ ታሪፉን የሚተምነውና የሚቆጣጠረው ባለሙያ ሁሉ የሚኖሩት ከሕዝብ ካዝና በሚወጣ ገንዘብ ነው። በቀጥታ የሕዝብ የሆኑ ተሽከርካሪዎችም አሉ፦ አምቡላንስ፣ ክትባት የሚያደርስ መኪና፣ የጤናና የግብርና ባለሙያን ወደ ቀበሌ የሚወስድ ሞተር ብስክሌት። እነዚህ ትርፍ ስለማያስገኙ ነጋዴ አይገባባቸውም። በጀት ካላንቀሳቀሳቸው የሚያንቀሳቅሳቸው የለም።

ከደመወዝ የተረፈው

የከተማ ገንዘብ በሁለት በር ይገባል። አንደኛው ከክልል የሚወርደው ጥቅል ድጎማ ነው፤ ትምህርት፣ ጤና፣ ግብርናና አስተዳደር በዋናነት የሚተዳደሩት በዚህ ነው። ሁለተኛው ከተማው ራሱ የሚሰበስበው ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ነው፦ የሊዝ ክፍያ፣ የቤትና የቦታ ግብር፣ ልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያዎች። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ መብራት፣ ቦይና ጽዳት የሚጠብቁት ይህንን ሁለተኛውን ነው። አምቡላንስ ደግሞ የሚሄደው በመጀመሪያው ነው። የሕዝብ መጓጓዣ እንዲህ በሁለት ካዝና ተከፍሎ ስለሚያድር፣ ስለ እርሱ በአንድ ላይ ተነጋግሮ የሚወስን ወገን አይገኝም።

ወደ ታች የወረደው መደበኛ በጀት እንደገና በሁለት ይከፈላል፦ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ። ደመወዝ በሕግም በኅሊናም ቀዳሚ ነው። ሥራ ማስኬጃ የሚባለው ከዚያ የተረፈው ነው። በመንግሥት የሒሳብ መደብ 6217 ነዳጅና ቅባት ነው፤ 6241 የተሽከርካሪ ጥገና ነው። የፋይናንስ ሠራተኞች እነዚህን ቁጥሮች በቃላቸው ይዘዋቸዋል። አንዲት ምጥ የያዛት ሴት መኪና ማግኘት አለማግኘቷ የሚወሰነው በእነዚህ ሁለት መደቦች ቀሪ ሒሳብ ነው። ለጉባኤ የሚቀርበው ሰነድ ግን በየዘርፉ የተጠቃለለ ድምር ስለሆነ፣ ተመራጩ የጤናን ድምር አይቶ ያጸድቃል። 6217 ከድምሩ ውስጥ ስንት እንደ ሆነ ካልጠየቀ የሚነግረው የለም።

ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። በሰኔ 2014 መጨረሻ፣ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር፣ አንድ ሊትር ናፍጣ በአዲስ አበባ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ሆነ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ደረሰ። ለአንድ አምቡላንስ በዓመት 100 ሺህ ብር የነዳጅ በጀት ይያዛል እንበል። በመጀመሪያው ዋጋ 2,040 ሊትር ያህል ይገዛል፤ በሁለተኛው 1,010 ሊትር ያህል። ከብሩ አንድ ሳንቲም ሳይነካ መኪናው የሚሄደው መንገድ በግማሽ ተቆረጠ ማለት ነው። ምክር ቤቱ ለጋስ ሆኖ መደቡን በ30 በመቶ ቢያሳድገው፣ 130 ሺህ ብሩ የሚገዛው 1,313 ሊትር ነው። በሰነዱ ላይ የ30 በመቶ ዕድገት ተብሎ የተመዘገበው ነገር በመንገድ ላይ ሲታይ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቅነሳ ሆነ። አጽዳቂው አልዋሸም፤ ዘጋቢውም አልተሳሳተም፤ መኪናው ግን ቆሟል። ከዚያ ወዲህም የነዳጅ ዋጋ ጨምሯል።

6241ም አብሮ ተመትቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጎማ፣ ባትሪ፣ የፍሬን ሸራና ሌላው መለዋወጫ ከውጭ የሚገባ ነው። በመንግሥት ግዥ ሥርዓት ዋጋ ተሰብስቦ፣ አሸናፊ ተለይቶ፣ ክፍያ ተፈቅዶ እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ ነጋዴው ያቀረበው ዋጋ ያረጃል፤ ግዥው እንደ ገና ይጀመራል። ጥገናው የዘገየበት መኪና ብዙ ነዳጅ ይጠጣል፤ የነዳጅ መደቡም ቶሎ ያልቃል። አንዱ ጉድለት ሌላውን እየወለደ ይሄዳል።

የደመወዙን ጉዳይ በጥንቃቄ ማየት ይገባል። በ2017 የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተሻሽሎ ዝቅተኛው ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ ማለቱ ተገቢ ነበር፤ እንዲያውም የዘገየ ነበር። ነርሷም ሾፌሩም እንደ ማንኛውም ሰው ቤት ኪራይ ይከፍላሉ። ይሁንና የበጀቱ ጣሪያ በዚያው ልክ ከፍ ካላለ፣ የደመወዝ ድርሻ ሲሰፋ የሚጠብበው ሥራ ማስኬጃ ነው። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ባለፉት ዓመታት የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ለወራት የዘገየባቸው ወረዳዎች እንደ ነበሩ ይታወቃል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ያልተመለሰ የማዳበሪያ ዕዳ ከወረዳ በጀት ላይ መቆረጡ ነው። ደመወዝ መክፈል ያቃተው ወረዳ የአምቡላንስ ጎማን ጉዳይ ወደ አጀንዳው ሊያመጣው አይችልም።

ከላይ የሚወርደውም እንደ ቀድሞው አይደለም። የ2017 የፌዴራል መንግሥት በጀት መጀመሪያ ሲጸድቅ 971 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ ለክልሎች ድጎማ የተያዘው 222 ቢሊዮን ብር ያህል፣ ማለትም 23 በመቶ ነው። የ2018ቱ በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆነ፤ የክልሎች ድጎማ 315 ቢሊዮን ብር ገደማ፣ ማለትም 16 በመቶ። ጠቅላላው በጀት በእጥፍ ሲጠጋ የክልሎች ድርሻ በዚያ ልክ አልተከተለም። የዕዳ ክፍያ፣ የደመወዝ ማስተካከያና የድጎማ ወጪዎች ሰፊውን ቦታ ይዘዋል። ለፌዴራል መንግሥቱ እነዚህ ግዴታዎች ናቸው፤ ይገባኛል። ሆኖም ከክልል ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ክፍለ ከተማ የሚወርደው ድርሻ የሚቀዳው ከዚያው ከጠበበው ምንጭ ነው።

በሐዋሳ ላይ የራሷ የሆኑ ምክንያቶች ተጨምረዋል። ሲዳማ በሰኔ 2012 አሥረኛው ክልል ሆኖ ከተደራጀ በኋላም የደቡብ ክልል ቢሮዎች በከተማዋ ቆይተው ነበር። በ2015 መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲመሠረቱ ቢሮዎቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሆሳዕና፣ ወራቤና ሌሎች ከተሞች ተከፋፈሉ። ቤት የሚከራይ፣ ምሳ ቤት የሚገባ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ባጃጅ የሚሳፈር ሠራተኛ አብሮ ሄደ። ከሊዝ የሚገኘው ገቢም ቢሆን መሬት እስካለ ድረስ የሚሰበሰብ እንጂ በየዓመቱ ተመልሶ የሚመጣ አይደለም። በዚህ ላይ አዲስ የተሸጠ መሬት ሁሉ አዲስ መንገድ፣ አዲስ መብራት፣ አዲስ ቦይ ይጠይቃል። ከተማው ዛሬ የሚሸጠው ቦታ ለነገ የሚያስቀምጥለት የጥገና ዕዳ ነው፤ ይህ ዕዳ ግን በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም።

ምጥ የበጀት ዓመት አያውቅም

ከላይ የቆጠርኩት ሁሉ ከማንም በላይ የሚጎዳው አምቡላንስን ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለየወረዳው አምቡላንስ ሲያከፋፍል የተሠራው ሥራ ታላቅ ነበር። ቃሬዛ ተሸክሞ ሰዓታት የሚጓዝ ጎረቤት በነበረበት አገር፣ ስልክ ተደውሎ መኪና የሚመጣበት ዘመን ተጀመረ። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በ2003 በጤና ተቋም የተወለዱ ሕፃናት ከመቶ አሥሩ ነበሩ፤ በ2008 26፣ በ2011 48 ደረሱ። ለውጡን አምቡላንስ ብቻውን አላመጣውም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የእናቶች ማቆያ ቤቶችና በነፃ የሚሰጠው የወሊድ አገልግሎት ትልቅ ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ እናትየዋ ከቤቷ ተነሥታ ካልደረሰች ሌላው ሁሉ አይጠቅማትም።

በአከፋፈሉ ላይ ግን መሠረታዊ ክፍተት ነበር። መኪናውን ያቀረበው ከላይ ያለው አካል ነው፤ ነዳጁን፣ ሾፌሩንና ጥገናውን እንዲችል የተተወው የታችኛው መዋቅር ነው። አዲስ መኪና ቁልፉ ሲሰጥ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ንግግር ይደረጋል። ለአሥር ዓመት የሚቀዳለት ናፍጣ የሚጸድቀው ደግሞ በዝግ ክፍል፣ በአንድ የሒሳብ መደብ ላይ ነው። የሚታየው ስጦታ ከላይ፣ የማይታየው ወጪ ከታች ሲሆን፣ መኪናው ባረጀና ወጪው በጨመረ ቁጥር ሸክሙ ይበልጥ ወደ ደካማው ያዘነብላል።

የእናቶችን ሞት የሚያጠኑ ሰዎች ስለ ሦስት መዘግየቶች ይናገራሉ፦ ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን፣ በመንገድ፣ ከደረሱ በኋላም ሕክምና በማግኘት። ሁለተኛው መዘግየት በቀጥታ የመጓጓዣ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ አንዲትን እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ከሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ የገጠር ቀበሌዎች አንዱ ውስጥ ያለች እናት በካርታ ላይ ሲታይ የሐዋሳ ነዋሪ ናት፤ አዳሬ ሆስፒታልም ሪፈራልም ሩቅ አይደሉባትም። ዋናውን የዲላ አስፋልት እስክትደርስ ያለው የእግር መንገድና ጭቃ ግን ርቀቱን ሌላ ያደርገዋል። አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ሞልቷል። ወደ ውስጥ የሚገባው፣ ዝናብ ከዘነበ በኋላም የሚደፍረው፣ ያ ባለ ከፍታው መኪና ብቻ ነው።

እዚህ ላይ እምብዛም የማይነገር አንድ ነገር አለ። የበጀት ዓመቱና የዝናቡ ወራት ክፉኛ ተጋጭተዋል። ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። በዓመቱ መጀመሪያ የተያዘው ነዳጅ የሚሟጠጠው በመጨረሻዎቹ ወራት፣ ከሚያዝያና ከግንቦት ጀምሮ ነው። ሐምሌ ሲገባ አዲሱ በጀት ወዲያውኑ ገንዘብ አይሆንም፤ እስኪደለደል፣ እስኪፈቀድ፣ ግዥው እስኪፈጸም ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ካዝናው ከሁሉ የሚደክመው ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው። በሲዳማ ደግሞ የበልጉ ዝናብ እስከ ግንቦት ይዘልቃል፤ ክረምቱም ወዲያው ይከተላል። መንገዱ ከሁሉ የሚከፋው፣ ባጃጅ የማይገባው፣ አምቡላንስ ከሁሉ የሚያስፈልገው በእነዚያው ወራት ነው። ድሀ ቤተሰብ የክረምቱን እህል ከበጋው ለይቶ ያስቀምጣል። አንድ ክፍለ ከተማ የክረምቱን ናፍጣ ከበጋው ለይቶ የማያስቀምጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ነዳጅ ሲያልቅ ምን ይሆናል? በአገራችን በብዙ ቦታ የታየው ነገር የታወቀ ነው፤ ቤተሰቡ «ነዳጅ ሞልታችሁ ውሰዷት» ይባላል። ወይም ባጃጅ በኮንትራት ይያዛል፤ ሌሊት ከሆነ ዋጋው ይወደዳል፤ ሾፌሩም ደም ወንበሬን ያበላሻል ብሎ ሊያመነታ ይችላል። ነፃ የተባለው ወሊድ በመንገድ ላይ ዋጋ ይወጣለታል። ይህን ክፉ ልማድ ለመከላከል የሚቀርበው ክርክር «ኅብረተሰቡ ለራሱ አገልግሎት ቢያዋጣ ምን አለበት?» የሚል ነው። ማዋጣቱን አልቃወምም። ዕድርተኛው ለቀብር እንደሚያዋጣ ለምጥም ሊያዋጣ ይችላል፤ አስቀድሞ ተመክሮበት፣ በደረሰኝ ተሰብስቦ፣ በቀበሌው ሰው ፊት ሒሳቡ ከተነበበ ክቡር ሥራ ነው። በር ላይ ምጥ የያዛት ሴት ተኝታ፣ ባሏ ኪሱን እየዳበሰ የሚጠየቅ ገንዘብ ግን መዋጮ ሊባል አይገባውም።

ሌላው ክርክር ከበድ ይላል፦ አምቡላንስ ለስብሰባ፣ ለዘመቻና ለሠራተኛ ማመላለሻ ይውላል፣ ነዳጅ የሚያልቀው በዚህ ነው ይባላል። እውነትነት አለው፤ ይህን ያላየ የጤና ባለሙያ ጥቂት ነው። ነገር ግን አምቡላንሱ ለስብሰባ የሚወጣው የመሥሪያ ቤቱ ሌላ መኪና ጥገና አጥቶ ስለቆመም ነው። ሁለቱም የአንድ ጉድለት ልጆች ናቸው። ደግነቱ ዛሬ ይህንን መከታተል ከቀድሞው ይቀላል። የወረቀት ኩፖን እየቀረ የነዳጅ ክፍያ በቴሌ ብርና በመሳሰሉት እንዲፈጸም ከተደረገ ወዲህ፣ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ቁጥር በየትኛው ቀን ስንት ሊትር እንደ ተቀዳ መዝገብ አለ። ይህን መዝገብ ከጤና ጣቢያው የጥሪ መዝገብ ጋር በየወሩ ማስተያየት ለአንድ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የማታው ፈረቃ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ተመረቀ፤ 52 ሼዶች አሉት፤ በሙሉ አቅሙ 60 ሺህ ሠራተኛ እንዲይዝ ታስቦ ነው የተሠራው። አብዛኞቹ ሠራተኞች ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ በዙሪያው በሚገኙ ሰፈሮች አንድ ክፍል ቤት ለሦስትና ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። በ2011 የወጣ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደ ነበረ ጽፏል። በኅዳር 2014 ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፓርኩን ለቀቀ፤ በማግስቱ ወር መጨረሻ ኢትዮጵያ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከምትሰጠው የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ወጣች። ብዙ ሴቶች ሥራ አጡ፤ የቀሩትም በጠበበ ኪስ ከተማዋን የሚኖሩ ሆኑ።

ለእነዚህ ሴቶች የመንገድ መብራት የመጓጓዣ ጉዳይ ነው። ከማታ ፈረቃ የወጣች ልጅ መንገዱ ብርሃን ካለው ከጓደኞቿ ጋር በእግሯ ትገባለች፤ ወጪዋ ዜሮ ነው። መብራቱ ከጠፋ ግን በኮንትራት መሄድ አለባት፤ አለዚያ በጨለማ ውስጥ የሚጠብቃትን ትንኮሳና ዝርፊያ ትጋፈጣለች። አንዳንድ ፋብሪካዎች ለማታ ሠራተኞች ሰርቪስ ያቀርባሉ፤ ሰርቪሱ ግን የሚያወርደው ዋና መንገድ ላይ ነው፣ ቤቷ ደግሞ ከዚያ ወደ ውስጥ ነው። ከከተማው በጀት ላይ አምፖል ለመቀየር ያልወጣው ገንዘብ ከእሷ ምሳ ላይ ተቀንሶ ለባጃጅ ይከፈላል። ይህን ወጪ የትኛውም የበጀት ሪፖርት አያሳየውም፤ ከከተማው መዝገብ ላይ «ተቆጥቧል» ተብሎ የተነበበ ሊሆን ይችላል።

የተቦረቦረ መንገድም እንዲሁ ነው። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ጎማው፣ ኩሽኔታው፣ ሾክ አብዞርበሩ ይጎዳል። ባለንብረቱ ከሾፌሩ የሚቀበለውን የቀን ገቢ አይቀንስም፤ ሾፌሩ ደግሞ ከታሪፍ በላይ ይጠይቃል፣ ወይም መንገዱ የከፋበትን ሰፈር «አልገባም» ይላል። ተሳፋሪው ሾፌሩን ይረግማል፣ ሾፌሩ ተሳፋሪውን። ቦዩን ያልጠረገው፣ ኮብሉን ያልደለደለው የጥገና መደብ በጭቅጭቁ ውስጥ ስሙ አይነሣም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰውማ ክርክሩ ውስጥም አይገባም፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ብታጸድቅም፣ የእግረኛ መንገዱ ከተሰበረ እሱ ከቤቱ አይወጣም።

በሊትር ይጽደቅ

ገንዘብ በማጣት የመጣ ችግር ሁሉ በገንዘብ ብቻ ይፈታል ማለት አይደለም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቅነሳውን የሚታይ ማድረግ ነው። ምክር ቤቱ የአምቡላንስን በጀት በብር ብቻ ከሚያጸድቅ በሊትርና በኪሎ ሜትር ያጽድቅ፦ «ይህ ጤና ጣቢያ በዚህ ዓመት ይህን ያህል ሊትር ያገኛል» ይባል። ዋጋ ሲጨምር ሊትሩ እንዳይነካ ልዩነቱ ከየት እንደሚሸፈን ገና ከሐምሌው ይወሰን። ያኔ ቅነሳ የሚፈልግ ሰው በግልጽ ተነሥቶ «ሊትሩን ቀንሱት» ማለት ይኖርበታል፤ ይህንንም በሕዝብ ፊት ያስረዳል። ከአጠቃላይ የነዳጅ መደብ ውስጥ የአምቡላንሱ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ለሌላ ሥራ እንዳይዛወር። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ያለው ድርሻም ለብቻው ይታጠር።

ሁለተኛው ነገር አዲስ ፈጠራ አያስፈልገውም። ከ1998 ጀምሮ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም በኩል የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት የሚባል አሠራር በየወረዳው ተዘርግቶ ነበር፤ ተራው ሰው እንዲያነበው በጀቱ በቀላል ሠንጠረዥ ተሠርቶ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። ሰሌዳዎቹ በብዙ ቦታ አሁንም ቆመዋል። በጤና ጣቢያ በር ላይ «የዚህ ወር ናፍጣ፦ የተፈቀደ፣ የተቀዳ፣ የቀረ» የሚል ሦስት መስመር መጻፍ ጠመኔ ብቻ ይጠይቃል።

የገቢው በኩል ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። በጥር 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ለከተሞች ቋሚ የገቢ ምንጭ እንዲሆን የታሰበ ነው። እስከዚያ ድረስ የከተማ ቤት ግብር የሚሰበሰበው በ1968 በወጣ አዋጅ ላይ ተመሥርቶ ስለ ነበር፣ ገቢው ከዛሬው የንብረት ዋጋ ጋር አይተዋወቅም ነበር። ታክሱ መውጣቱን እደግፋለሁ። ቤት ያለው ሰው ግን ለምን እንደሚከፍል በዓይኑ ማየት አለበት፤ ከሚሰበሰበው ውስጥ የተወሰነው ድርሻ ለሰፈር መንገድ፣ ለመብራትና ለድንገተኛ ጉዞ በደንብ ተለይቶ ቢመደብ ግብር ከፋዩም አይከፋውም። ካዝናው ውስጥ ገብቶ ከደመወዝና ከስብሰባ አበል ጋር ከተቀላቀለ የተለመደው ነገር ይደገማል። የኤሌክትሪክ ባጃጅና ሚኒባስ ተስፋም አለ፤ የነዳጅን ጭንቀት ሊያቀል ይችላል። የሐዋሳ ሜዳ ለባትሪ ይመቻል። በጉድጓድ የሚሰበረው ጎማ ግን ለኤሌክትሪኩም ያው ጎማ ነው።

ጊዜውንም ማወቅ ይጠቅማል። ለአዲሱ ዓመት የበጀት ጥያቄ የሚዘጋጀውና የበጀት ስሚ የሚባለው፣ ጥያቄው የሚደመጥበት መድረክ የሚካሄደው በአብዛኛው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ነው። በሰኔ መጨረሻ ለጉባኤ የሚቀርበው ቁጥር አስቀድሞ የተቆረጠ ነው፤ ያኔ የሚነሣ ጥያቄ በቃለ ጉባኤ ከመመዝገብ አያልፍም። የዕድር ዳኞች፣ የሴቶች ማኅበራት፣ የባጃጅ ማኅበራት፣ የፓርኩ ሠራተኞችና የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ስለ ናፍጣው፣ ስለ አምፖሉና ስለ ቦዩ የሚናገሩ ከሆነ ወደ ክፍለ ከተማው የሚሄዱበት ወር የካቲት ነው። ይዘው የሚሄዱት ጥያቄም አጭር ነው፦ ዓምና ስንት ሊትር ተያዘ፣ ስንት ተቀዳ፣ በየትኛው ወር አለቀ?